ዝም አልኩ እንጂ አልዳንኩም

ታላቅ እህቴ የስፌት ማሽኑን ልትወስድብኝ ነበር። ሐኪም ቤት ያደረሰኝ ሌላ ምንም አይደለም፣ ይኸው ነው። ማሽኑ የእሷ ነው። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ፣ ሶዶ ገበያ ዳር ጠባብ ሱቅ ተከራይታ «በይ ቁጭ ብለሽ ስፊ» ያለችኝ እሷ ናት። እኔ ደግሞ መጀመር ነፍሴ ነው። ዱንጉዛ ሲመጣልኝ፣ ያ የወላይታ ጨርቅ፣ ቀዩና ቢጫው መስመር ከጥቁሩ ጋር ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረጋ ደስታዬ ወሰን የለውም። እለካለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ አንገቱን እሰፋለሁ፤ ከዚያ ሌላ ደንበኛ ትገባለች፣ የእሷን እጀምራለሁ። ግድግዳዬ ተጀምረው እጅጌያቸው ባልተሰፋ ቀሚሶች ተሞልቶ ነበር። ጥግ ላይ የተሰቀለው የራሷ የእህቴ ዱንጉዛ ነው። ከቆረጥኩት ዓመታት አልፈውታል፤ እሷም መጠየቅ ትታለች።

ክረምቱ ሲገባ ሱቅ መጥታ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አየችው። «ለጊፋታ የታዘዘውን ለጊፋታ ካላደረስሽ፣ ማሽኑን ሁምቦ ላለችው ለባሌ እህት እሰጣታለሁ» አለችኝ። ጊፋታ ዘመን መለወጫችን ነው፤ ያን ቀን ከተማው ሁሉ ዱንጉዛ ለብሶ ይወጣል፣ ልብሷ ያልደረሰላት ሴት ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቷ አትረሳሽም። እህቴ ጮኻ ቢሆን ኖሮ አልፈራም ነበር። የተናገረችው ቀስ ብላ ነው። ያን ለት ማሽኑን አቅፌ አለቀስኩ፣ ምን አባቴ ላድርግ!

መንገዱን ያሳየችኝ ልትጣላኝ የመጣች ነርስ ናት። ቀሚሷ ካለፈው መስቀል ጀምሮ እኔ ጋ ነበር። ልትጮህ አፏን ከፍታ ግድግዳዬን ስታይ ተወችው። «ከልጅነትሽ ጀምሮ እንዲህ ነሽ?» አለችኝ።

«ሰነፍ መሆኔን ነው?»

«ሰነፍ ሰው ይሄን ሁሉ አይጀምርም» አለች።

ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁላትም። ትኩረት የሚበትን ችግር እንዳለ፣ ኤዲኤችዲ እንደሚሉት፣ ትልቅ ሰውም እንደሚኖርበት ነገረችኝ። መጀመሪያ የሄድኩበት ጤና ጣቢያ ያገኘሁት ሰው «እሱ የሕፃናት ነው፣ አንቺ ጸልዪ» ብሎ ሸኘኝ። መጸለዩንማ መቼ አቋረጥኩና! ነርሷ ይህን ስትሰማ ተናደደችና ቅዳሜ ቅዳሜ ከሐዋሳ እየመጣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ታካሚ የሚያይ የአእምሮ ሐኪም ጠቆመችኝ። ሐኪሙ ለረጅም ሰዓት ጠየቀኝና «ልጅነትሽን የሚያውቅ ሰው ይዘሽ ነይ፤ ያለዚያ ምርመራው ሙሉ አይሆንም» አለኝ። ልጅነቴን የምታውቅ አንድ ሰው ብቻ ናት።

«የእብድ ሐኪም ጋ? እኔ? ኧረ በሕግ አምላክ!» አለች እህቴ።

«ማሽኑን ውሰጂው፣ አልከለክልሽም» አልኳት። «ግን ሳትወስጂው አንድ ቅዳሜ ስጪኝ።»

ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ መጣች። የክሊኒኩ በር ላይ እንደ እሷ የተከናነበች ሴት አገኘን፤ ሲተያዩ የእህቴ የጸሎት ኅብረት ጓደኛ ሆና ተገኘች። ሁለቱም እኩል «ጥርሴን አሞኝ ነው» ተባባሉ። እዚያ ክሊኒክ የጥርስ ሐኪም የለም። ሳቄን ለመዋጥ ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው።

ውስጥ ገብተን ሐኪሙ «በልጅነቷ እንዴት ነበረች?» ሲላት ግን እህቴ ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች። «ዶክተር፣ ምን ልበልህ! ውሃ ቅጂ ብዬ ልኬያት ጀሪካኑን ምንጭ ዳር ጥላ ሰው ቤት ለቅሶ ላይ አገኘኋት፤ የማን ለቅሶ እንደሆነ እንኳ አታውቅም። ጨው ግዢ ብዬ ልኬያት ዶሮ ይዛ መጣች።» ሐኪሙ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ እሷም ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «እገርፋት ነበር» አለች። «ለዚህ ሁሉ እገርፋት ነበር።» ወደ እኔ ዞራ በቋንቋችን «ታ ሚቼ» አለችኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው፤ በስሜ ካልሆነ ጠርታኝ አታውቅም ነበር። አንጀቴን በላችው። እንዳላለቅስ ግድግዳው ላይ ያለውን የሳሙና ማስታወቂያ ደጋግሜ አነበብኩ።

ሐኪሙ ኤዲኤችዲ መሆኑን ነገረኝና ክኒኑ ተጀመረ። የመጀመሪያው መጠን ትንሽ ነበር፣ ምንም አልታየኝም። በቀጠሮዬ ስመለስ ሐኪሙ ጨመረው፤ ያኔ ጉድ ፈላ። ጠዋት እውጠዋለሁ፣ ማሽኑ ላይ እቀመጣለሁ፣ እስከ ማታ አልነሳም። አልስቅ፣ አልጣላ፣ አልዘፍን። ሙቹዋ እንኳ፣ በቅቤ የታሸው ቆጮ፣ አፌ ውስጥ እንደ ወረቀት ሆነብኝ። ደንበኛ ገብታ ሰላም ስትለኝ ራሴን ነቅንቄ ብቻ እመልሳለሁ፤ ቆማ ቆማ ትሄዳለች።

እህቴማ ጮቤ ረገጠች! «ዛሬ ሰው ሆነሽ ዋልሽ» እያለች ግንባሬን ትስመኛለች። የኅብረቷ ሴቶች መጥተው አመሰገኑ፣ ያቺ የጥርስ ሕመምተኛዋም ጭምር። ጎረቤት ሁሉ «ጨዋ ሆነች፣ ዳነች» አለ። እኔስ? የማውቀውን እኔ አውቃለሁ። ዱንጉዛ ሲሰፋ የግራና የቀኙ መስመር መገጣጠም አለበት፤ ቀዩ በቀዩ ላይ፣ ቢጫው በቢጫው ላይ። የአንዱን ቀሚስ ትከሻ ጠዋት ገጥሜ እሰፋለሁ፣ የፀጉር ያህል ዛነፈ ብዬ እፈታዋለሁ፣ ደግሜ እሰፋለሁ፣ ደግሜ እፈታለሁ፤ ሲመሽ ያው ትከሻ ላይ ነኝ። በፊት ሁሉን ጀምሬ አንዱንም አልጨርስም፤ አሁን አንዱን ይዤ አንዱንም አልጨርስም። ልዩነቱ አሁን ዝም ብያለሁ። ጊፋታ ደግሞ እየመጣ ነው።

በቀጠሮው ቅዳሜ እህቴ ነጠላዋን ሳትከናነብ፣ ደረቷን ነፍታ አብራኝ ሄደች። በእኛ ዘንድ ታላቅ ሰው አብሮ ከገባ ታማሚው አይናገርም፤ ሆድህን ነው እግርህን ያመመህ ሲባል እንኳ መላሹ ታላቁ ነው። ሐኪሙ «መድኃኒቱ እንዴት ነው?» ብሎ ሳይጨርስ እህቴ ተቀበለችው። «እግዚአብሔር ይስጥህ ዶክተር! ድምፅዋ አይሰማ፣ ከወንበሯ አትነሳ፣ የሚጣላት የለ። በዚሁ ይቀጥልልን።»

ሐኪሙ ራሱን እየነቀነቀ ብዕሩን አነሳ። ከወንበሬ ተነሳሁ። ክኒኑም አልያዘኝም።

«እኔን ጠይቁኝ!» አልኩ። ጮኼ ኖሯል፤ በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ወሬያቸውን አቋረጡ። «የምውጠው እኔ ነኝ፣ እኔን ጠይቁኝ!»

እህቴ «ምን ሆነሻል? ተይ እንጂ!» እያለች ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አልተውኩም። ለሐኪሙ የቀሚሱን ትከሻ ነገርኩት፣ መፍታቱን፣ ሙቹዋውን፣ ሰላም ብለውኝ ቆመው የሚሄዱትን ደንበኞች። «ዝም አልኩ እንጂ አልዳንኩም» አልኩት። «እዚህ የመጣሁት ዝም ለማለት አይደለም ዶክተር። ለመጨረስ ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠው። «መጠኑ በዝቶብሻል» አለ። «ቀድሜ አንቺን መጠየቅ ነበረብኝ።» የጠዋቱን ቀነሰው፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ትንሽ አከለ። ቁርስ ሳልበላ እንዳልውጠው፣ የተለየ ነገር ካየሁ ቀጠሮዬን ሳልጠብቅ እንድደውልለት አዘዘኝ። እህቴ ከፊት ከፊቴ እየፈጠነች ሄደች። ደጃፋችን ስንደርስ «እንደ በፊቱ ልትሆኚ ነዋ» አለች። ቃሏ አጥንቴን ሰበረው። ግን አዲሱን ክኒን ዋጥኩት።

ታምር አልሆነም፣ አልዋሻችሁም። ጠዋት ጠዋት አሁንም መቀሱን ስፈልግ አንገቴ ላይ ካለው ሜትር በቀር የማገኘው አልነበረም። ዝናብ ሲጥል፣ ገበያተኛ ሲያልፍ፣ ልቤ አብሮ ይወጣል። ነገር ግን የሄደው ልብ ይመለሳል፤ ሲመለስ መርፌውን ካቆምኩበት ያገኘዋል። የነርሷን ቀሚስ በመጀመሪያ ጨረስኩ። ተራ አወጣሁ፤ አንዱ ከግድግዳው ሳይወርድ ሌላ ጨርቅ ላልቆርጥ ማልኩ፣ ደንበኛ ብታለቅስም ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። መዝፈኔም ተመለሰ። እህቴ ከሱቁ ደጅ ቆማ ዘፈኔን ትሰማለች፣ ፊቷን ታጠቁራለች፣ ትሄዳለች። እኔም ጥርሴን ነክሼ እሰፋለሁ።

የጊፋታ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ላይ ምስማር ብቻ ቀረ። ምስማርና ጥግ ላይ ያለችው ያቺ የእህቴ ልብስ። እሷን ማንም አላዘዘኝም፤ አወረድኳት። የግራ ትከሻዋን ስገጥም ቀዩ መስመር በጣት ያህል ዛነፈ፤ ድሮ ስቆርጠው ነው የተበላሸው። እጄ ሊፈታው ሄደ። ቆምኩ። ከዚያ እጅጌውን ሰፋሁ፣ ጠርዙን አጠፍኩ፣ ክሩን በጥርሴ በጠስኩ።

ጠዋት ይዤላት ሄድኩ። ለበሰችው፤ መስታወቱ ፊት ቆማ ትከሻዋን ነካች።

«ይሄ ዛንፏል» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አትፈቺውም?»

«አልፈታውም። አልቋል።»

 ሊወጣ የመጣባትን እንባ ዋጥ አድርጋ ነጠላዋን ከዛነፈው ትከሻ ላይ አነሳች፤ እንዲታይ ብላ ነው። ከዚያ ወደ በሩ እየሄደች፣ ነገሩ እግረ መንገዷን ትዝ እንዳላት ሁሉ፣ «ለባሌ እህት ደወልኩላት» አለችኝ። «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ አይሰፋም አልኳት።»

«ተበላሽቷል?» ጮህኩባት። «የኔን ማሽን ስሙን ምን ታጠፊብኛለሽ! እንደ እሱ የሚሰፋ ማሽን በዚህ ከተማ የት አለና ነው?»

እህቴ በሩ ላይ ቆማ እስኪበቃት ሳቀች። እኔ ግን አሁንም ተናድጄ ነበር።