ገዢው ቀድሞ የመጣ ዕለት

መካኒሳ አቦ፣ ቤቴ በር ላይ ነው። አሮጌዋን መኪናዬን ልሸጣት ነበር። ገዢው በስልክ «ዘይት ታፈሳለች?» ሲለኝ፣ «ጠብ አይላትም!» ብዬው ነበርና፣ ከሰዓት ሳይመጣ ያለቀውን የሞተር ዘይት ማገጃ ጎማ ልቀይር ከስሯ ገባሁ።

አሮጌውን ማገጃ ጎማ ነቅዬ እንዳወጣሁ፣ የተወለወለ ጥቁር ጫማ አጠገቤ ቆመ።

«መካኒኩ ነህ?» አለኝ ባለጫማው። ድምፁን አወቅኩት። ገዢው በጠዋት መጥቷል!

«አዎ፣ ጋሼ» አልኩ፣ ድምፄን አጎርንኜ።

«እውነቱን ንገረኝ፣ ታፈሳለች?»

ዘይቱ ግንባሬ ላይ ይንጠባጠባል። «ኧረ በፍጹም! ባለቤቱም ታማኝ ሰው ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክርለታል።»

«ተባረክ። በል ልደውልለት።»

«አይ ጋሼ፣ አሁን እኮ ሥራ ላይ...» ብዬ ሳልጨርስ ስልኬ ደረት ኪሴ ውስጥ አምባረቀ። ላጠፋው ስል በዘይት የራሰው ጣቴ ተንሸራቶ አነሳሁት። ስደነግጥ አፌ የለመደውን ተናገረ፦

«ሃሎ፣ መንገድ ላይ ነኝ፣ ጎፋ ደርሻለሁ!»

ሰውዬው ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ቁጢጥ አለና ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«አይቸኩሉ» አለኝ፣ «እኔ እዚሁ እጠብቅዎታለሁ።»