ያላነበብኩት ስድስተኛ ምዕራፍ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴም፣ ለንስሐ አባቴም። የንስሐ አባቴ ጾም ስለ መሻር፣ በሐሰት ስለ መማል፣ ሰው ስለ ማማት ይጠይቁኛል፤ ሳታነብ የነቀፍከው መጽሐፍ አለ ወይ ብለው ግን ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም አላነሣሁባቸውም። ለእናንተ የምናገረው ሰዎች በዚያ ጽሑፍ ሲያመሰግኑኝ መስማት ስለ መረረኝ ነው።

ያን ጊዜ ወልቂጤ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ታሪክ አስተምር ነበር። ዘመኑ የገዥው ግንባር ዘመን ነው፤ ከተማው ሁሉ መንገዱን ኮብልስቶን ለማንጠፍ ይሽቀዳደማል፣ እኛም ከክፍል ይልቅ ስብሰባ ላይ እንውላለን። አንድ ቀን መምህራን በሚያርፉበት ክፍል ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በታሪካዊ አርኪዮሎጂ ላይ የተጻፉ አዳዲስ መጻሕፍት ለኮሌጁ መጽሔት ደርሰዋል፤ ገምጋሚ ይፈለጋል፤ የገመገመ ሰው መጽሐፉን ለራሱ ያስቀራል ይላል። የመገምገም ፍላጎት አልነበረኝም። መጽሐፉን ግን ፈለግሁ። ነጻ መጽሐፍ ማን ይጠላል? ከሁሉ ወፍራሙን፣ ጠንካራ ሽፋን ያለውን፣ ባለ ቀለም ፎቶ የበዛበትን መረጥኩ። መደርደሪያዬ ላይ እንዲያምርልኝ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ጸሐፊዋ ኑሪያ ትባላለች፤ የመስቃን ልጅ ናት፣ ቡታጅራ አጠገብ አንድ ኮረብታ ላይ ስትቆፍር ዓመታት አሳልፋለች። ኮረብታው ላይ ድሮ የጠፋ የገበያ መንደር ነበር። የቤት መሠረት፣ የወፍጮ ድንጋይ፣ የሸክላ ስብርባሪና ያረጁ መቃብሮች አግኝታበታለች። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከመግቢያውና ከጀርባ ሽፋኑ ነው። ከዚያ አላለፍኩም።

ከመስቀል በኋላ አደርሳለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ለመስቀል ወደ አገሬ ወደ ቸሃ ስሄድ መጽሐፉን ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። የመስቀልን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ከአዲስ አበባ የመጣው ወንድም፣ የእህት ልጅ፣ ጎረቤት፣ ክትፎው፣ ጨዋታው። መጽሐፉ ሳይገለጥ ሄዶ ሳይገለጥ ተመለሰ። ወልቂጤ ስገባ የመጽሔቱ አዘጋጅ በር ላይ ይዞኝ፣ የት አለ፣ አለኝ። በሁለት ክፍለ ጊዜ መሃል ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

እንከን ማውጣት ነበረብኝ። በዚያ ዘመን መገምገም የተማርነው ከስብሰባ ነው። ተነሥቶ የሌላውን ጉድለት ያልተናገረ ሰው አድርባይ ይባላል። የሚለው የጠፋበት ሰው ደግሞ አንዲት የማትከሽፍ ነገር አለችው፤ ሕዝቡን አላሳተፈም ይላል። የውሃ ቦኖ ይሁን የጤና ኬላ፣ ሕዝቡን አላሳተፈም ካሉ ቤቱ በሙሉ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ያችኑ ወደ መጽሐፍ ገለበጥኳት። ጸሐፊዋ ድንጋዩን እንጂ ሰውን አልጠየቀችም፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎች አላነጋገረችም፣ የአንዳቸውንም ስም አላነሣችም ብዬ ጻፍኩ። እኔ ጻፍኩ። ማንም አላስገደደኝም። የሽማግሌዎቹን ስም ነገር የጨመርኩትማ ዓረፍተ ነገሩ አጭር መስሎኝ ነው። እንዲህም ተብሎ ሰው ይበደላል?

ወራት ቆይቶ፣ ቡታጅራ ማዘጋጃ ቤት የሚሠራ የድሮ ተማሪዬ መናኸሪያ አገኘኝና ጽሑፍዎ ስብሰባ ላይ ተነበበ አለኝ። ደስ አለኝ። አዎ፣ መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ። ከዚያ ቀሪውን ነገረኝ። ኮረብታው የኮብልስቶን ድንጋይ እንዲያወጡበት በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች ይሰጥ ተብሎ ነበር። ኑሪያ ቦታው አይነካ ብላ ተከራከረች። ሽማግሌዎቹም ሊመሰክሩላት መጥተዋል፤ አባቷ ሐጂ ከድርም መካከላቸው ነበሩ። ይኼኔ አንዱ ሹም የኔን ጽሑፍ አውጥቶ አነበበ። መጽሐፉ በእጇ አልነበረም፤ ጥቂት ቅጂዎቿን ለየመጽሔቱ ሰጥታ ጨርሳለች፣ አንዱ የኔ መደርደሪያ ላይ ነው። ውሸት ነው፣ ስማችሁ አለ ብትል፣ ሹሙ የኮሌጅ መምህር ይዋሻል እንዴ አላት።

በየቤታቸው ምንጣፍ አንጥፈው ያስቀመጧት፣ የአባቶቻቸውን መቃብር እየመሩ ያሳዩዋት እነዚህ ሽማግሌዎች ናቸው። ቃላችንን ወስዳ ስማችንን ጣለችው ብለው አዘኑባት። ተነሥተው አልተቃወሟትም፤ ዝም ብቻ አሉ። በነሱ ዝምታ ኮረብታው ተሰጠ፣ ተፈለጠ፣ መንገድ ሆነ።

ኑሪያ ወልቂጤ ድረስ፣ ኮሌጁ ቢሮዬ መጣች። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም።

«መምህር፣ መጽሐፌን አንብበውታል?» አለችኝ።

አዎ አልኳት። ይህ ሁለተኛው በደሌ ነው፤ ከመጀመሪያው ይከፋል። ተነሥታ መጽሐፉን ከመደርደሪያዬ አወረደች። ስትገልጠው ጥራዙ እንደ አዲስ መጽሐፍ ተንቋቋ። ሁለታችንም ሰማነው። ስድስተኛውን ምዕራፍ ከፍታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ምዕራፉ ከዳር እስከ ዳር የሽማግሌዎቹ ቃል ነው፤ እያንዳንዱ ከነስሙ፣ ከነመንደሩ። መጀመሪያው ላይ ሐጂ ከድር ናቸው።

«ኮረብታው ሄዷል፤ እሱን አልጠይቅዎትም» አለች። «አባቴ ይህን ወስጄ እየተረጎምኩ ባነብለት እንኳ፣ ለመታረቅ ብለሽ ነው ይለኛል። ከጻፈው ሰው አፍ ካልሰማሁ ይላል። መጥተው ይንገሩት፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እመጣለሁ አልኳት። ወልቂጤና ቡታጅራ እኮ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገቡበት መንገድ ነው! ፈተና አለ አልኩ፣ ዝናብ ነው አልኩ፣ ዓመት በዓሉ ይለፍ አልኩ። እውነቱ ምንድን ነው? አላነበብኩትም የምትለዋ አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣ አለች። ኮሌጁ ይሰማል፣ ተማሪዎቼ ይሰማሉ ብዬ ፈራሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ያወጣሁትን ለመመለስ አፋፉ ድረስ እንኳ አልሄድኩም።

ቡታጅራ የሄድኩት ሐጂ ከድር ሲሞቱ ነው። ለለቅሶ። ተማሪዬ እንደ ነገረኝ፣ ልጃቸውን አላባረሯትም፣ ከማዕዳቸውም አልለዩዋትም፤ ግን ከዚያ ስብሰባ በኋላ ስለ ድሮው ነገር አንድም ቃል አላወሯትም። ስለ ኮረብታው ሁሉን የነገሯት እሳቸው ነበሩ።

ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ሰላምታ ሰጠሁ። ከስብሰባው ሽማግሌዎች አንዱ አብሮኝ የገባውን ተማሪዬን ማነው ብለው ጠየቁት፤ ነገራቸው። ብድግ ብለው እጄን ያዙኝ።

«ና ልጄ፣ እዚህ ተቀመጥ» አሉኝ። «ስማችን ሲቀር የተቆረቆርክልን አንተ ነህ።»

ኑሪያ ከማዶ ታየኛለች። አሁን ይናገራል ብላ ጠበቀች መሰለኝ። ሽማግሌዎቹ በሙሉ እዚያው ነበሩ። መናገሪያው ጊዜ ያ ነበር፤ ከዚያ የተሻለ ከየት ይመጣል? እኔ ግን በሰጡኝ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የበደልኳቸውም አንዱ አፈር ውስጥ ናቸው፣ አንዷ ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገረችኝም፣ የቀሩትም እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ይመርቁኛል። ስማቸው ተጽፎ ነበር። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።