ኢንሱሊን ፈታኙ መምህር

እናቴ ስኳር አለብሽ ከተባለች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። በደጋው፣ በጊች አቅራቢያ ባለው መንደራችን ትምህርት ቤት ሳይንስ የማስተምረው እኔ ስለነበርኩ፣ መርፌ ለመያዝ ከእኔ የተሻለ እጅ የለም ተብሎ ተወሰነ። ወሳኙም እኔው ነበርኩ። ጠዋትና ማታ እወጋታለሁ፣ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሕመሙን ትችለዋለች።

በአንዱ ኅዳር ኢንሱሊኑ ሊያልቅ ሲል ደባርቅ ወረድኩ። መድኃኒት ቤት “አልገባም፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሞክሩ” አሉኝ። ሁለት ሳምንት እንዲታገሣት ለስኳሩ ማን እንደሚነግርልኝ ግን አልነገሩኝም። ስለዚህ ገበያ ገብቼ በመተማ በኩል ከሱዳን ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ፈለግሁ። አንሶላ፣ የባትሪ ድንጋይና ሽቶ ይሸጣል፤ ቀስ ብሎ ለጠየቀው ደግሞ ኢንሱሊን ከሣጥን ሥር ያወጣል።

“መምህር፣ ይኼ ማር ነው” አለኝ። ለስኳር በሽተኛ መድኃኒት ሲሸጥ ማር ነው የሚል ነጋዴ ድፍረቱ ብቻ ዋጋ አለው።

እኔ ግን እንደ ማንም ገዢ አልነበርኩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እዚያው ቆሜ ፈተናውን ጀመርኩ። የጎማ ክዳኑን መረመርኩ፤ የመርፌ ቀዳዳ የለበትም። ቀኑን አነበብኩ፤ አላለፈም። ጠርሙሱን በመዳፎቼ መሐል አንከባለልኩት፤ ከሥር የዘቀጠው ነጭ ነገር ተነሥቶ እንደ ወተት አንድ ወጥ ሆነ። ወደ ፀሐይ አነሣሁት፤ ጉድፍ የለ፣ ፍርፋሪ የለ። ገበያተኛው ከበበኝ። አንድ ሽማግሌ “ምን እያየ ነው?” ብለው ቢጠይቁ፣ ነጋዴው በኩራት “ንጽሕናውን ነው አባቴ” አላቸው። ጀርም በዓይን እንደማይታይ ለአምስተኛ ክፍል ያስተማርኩት በዚያው ሳምንት ነው። ግን ያን ያህል ሰው ከቦ እያየኝ “አላውቅም” ማለት አልሆነልኝም። ጠርሙሱን በሙሉ ማርክ አሳልፌ ገዛሁት።

እናቴም የራሷ ፈተና ነበራት።

“ከምንድን ነው የሚሠሩት? ከእሪያ እንዳይሆን።”

“ከፋብሪካ ነው እማዬ” አልኳት። ፋብሪካ የሚባለው እንስሳ የሚያመሰኳ ይሁን አይሁን አልጠየቀችኝም፤ የተማረ ልጇን ታምናለች።

ቀረ ማስቀመጫው። ቀድሞ የጤና ጣቢያዋ ነርስ “ሙቀት ያበላሸዋል፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ” ብላኝ ስለነበር ከጓዳ ጥግ፣ ከውሃው እንስራ አጠገብ ነበር የማኖረው። ይኼን ግን ስንት ደክሜ ያገኘሁት ነውና ከጓዳ የተሻለ ክብር ይገባዋል አልኩ። ቀዝቃዛ ጥሩ ከሆነ፣ በጣም ቀዝቃዛ በጣም ጥሩ ነው። የሳይንስ መምህር ስሌት ይኼ ነው። በጨርቅ ቋጥሬ ውጭ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ሰቀልኩት። የገብስ አጨዳ ጊዜ ነው፤ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል። ከተሜ ለፍሪጅ መብራት ይከፍላል፣ እኛ በነጻ እናቀዘቅዛለን እያልኩ ተኛሁ።

ጠዋት ሳወርደው ድንጋይ ሆኗል። በብብቴ ይዤ አሟሟሁትና አንከባለልኩት። ነጭ ፍርፋሪ የጠርሙሱ መስተዋት ላይ ተለጠፈ። ደግሜ አንከባለልኩት፤ ፍርፋሪው እንዳለ ነው። ጠርሙሱ ግን ደባርቅ ላይ አልፏል፣ ያለፈ ተማሪ ደግሞ አይፈተንም። መርፌውንማ ሁለት ጊዜ ቀቅያለሁ፤ በንጽሕና ማንም አያማኝም። ወጋኋት።

በሦስተኛው ቀን ውሃ ውሃ ይላት ጀመር። በአራተኛው ቀን ከአጨዳ ቀረች። እናቴ በኅዳር ከአጨዳ ስትቀር አይቼ አላውቅም።

“ልጄ፣ ያሁኑ መድኃኒት አይሠራም” አለችኝ።

“ፈትኜዋለሁ እማዬ።”

“የሚጠማው እኮ እኔን ነው።”

“እስኪስማማሽ ነው” አልኳት፣ ማታም ያንኑ ወጋኋት።

በማግስቱ ማስመለስ ጀመራት። ትንፋሿ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል፤ ስጠራት ቶሎ አትመልስም። ያን ጊዜ ፈራሁ፤ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ጎረቤቶች አጨዳቸውን ጥለው በቃሬዛ ተሸክመው የመኪና መንገድ ካለበት ከሳንቃ በር አደረሱልን፤ ከዚያ በጭነት መኪና ደባርቅ ሆስፒታል ገባን። እኔ ጠርሙሱን ለማስረጃ ኪሴ ከትቼ ከኋላ እከተላለሁ። መንገዱን ሙሉ በነጋዴው ላይ የማቀርበውን ክስ ሳረቅቅ ነበር፤ አንቀጹ ሁሉ ያማረ ነበር።

ሐኪሙ ክንዷ ላይ ፈሳሽ ተከለላት፣ ደህናውን ኢንሱሊን ሰጣት። በሁለተኛው ቀን ቀና ብላ ተቀመጠች። ያኔ ጠርሙሱን አወጣሁና “ሐሰተኛ ነው የሸጠልኝ” አልኩት። ወደ መስኮቱ አንዴ አነሣው፤ እኔ ያየሁትን ሩብ ያህል እንኳ አላየውም።

“የነጋዴው ጥፋት አይመስለኝም። ይኼ መድኃኒት በረዶ ሆኖ ነው የሟሟው፤ አንዴ በረዶ ከሆነ አይሠራም። ማን ነው ውርጭ ላይ ያሳደረው?”

ቃሬዛ ከተሸከሙት ጎረቤቶች ሁለቱ እዚያው ቆመዋል። ሁለቱም ልጆቻቸውን የማስተምርላቸው ናቸው።

“እኔ ነኝ ጌታዬ” አለች እናቴ ከአልጋው። “ልጄማ ከቤት አስቀምጪው ብሎኝ ነበር። አለማወቅ ነው።”

ሐኪሙ በአክብሮት፣ ግን ረዘም አድርጎ ገሠጻት። እሷም አንገቷን ደፍታ ሰማች። አንዱ ጎረቤት “ምነው፣ የተማረ ልጅ ሲነግርሽ” አላት። ተግሣጹ እስኪያልቅ ለመናገር በቂ ጊዜ ነበረኝ። መሬት መሬት እያየሁ አሳለፍኩት።

አገር ቤት ከተመለስን በኋላ ስለ ውሸቷ ለንስሐ አባቷ ነገረችና ስግደት አዘዙላት። ጉልበቷ ገና አልጸናም ነበርና ከመሬት እንዳነሣት ጠራችኝ። በየስግደቱ ጎንበስ እያልኩ አነሣኋት።

“ስለማን ብለሽ እንደዋሸሽ ጠየቁሽ?” አልኳት።

“አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝም አልነግራቸው” አለችና ክንዴን ይዛ እንደገና ወረደች።