የመሪጌታ ደባሱ ጣት

ንጋት ደባሱ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናት። የመመረቂያ ሥራዋን የሠራችው በባለ ብዙ ደረጃ ኢንቨርተር ላይ ነው፤ የባትሪን ጉልበት ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት የሚለውጥ ሣጥን ማለት ነው። ላሊበላ ስትመለስ ግን ሥራዋ የሆቴል ቦይለር መጠገን ሆነ። ምን ታድርግ፣ የተማሩት ሌላ፣ የሚበሉበት ሌላ።

ጦርነቱ መጥቶ መብራት ሲጠፋ ያ ትምህርት ተፈለገ። አባቷ መሪጌታ ደባሱ ሳንባቸው ደክሞ ያለ ኦክስጅን ማሽን መተንፈስ አቅቷቸው ነበር። ከጋሸና ያስመጣችው ርካሽ ኢንቨርተር ማሽኑን እያጋለ በየሩብ ሰዓቱ ያጠፋው ጀመር። ማሽኑ በጠፋ ቁጥር የሽማግሌው ከንፈር ይጠቁራል። የርካሹ ዕቃ መብራት ወይ ሙሉ ነው ወይ ባዶ፣ ልክ እንደ ገደል። ማሽኑ የሚወደው በደረጃ ወጥቶ በደረጃ የሚወርደውን ነው። ለዚያ ደግሞ ተራ በተራ የሚገቡ ሦስት ባትሪዎች ያስፈልጋሉ። አንዱን ከራሷ ሶላር ነቀለች፤ ሁለቱን ጎረቤቶቿ ታፈረና የሺሃረግ ጨለማ ቤት ተቀምጠው አዋሷት። ሣጥኑን ሠራችው።

የቀረው የእያንዳንዱን ባትሪ መግቢያ ጊዜ ማስተካከል ነበር። መለኪያዋ ተዘርፏል። ጊዜው ሲዛነፍ ሣጥኑ የሚያሰማው ድምፅ ይጎረብጣል፤ ጆሮ ካለ ይለየዋል። መሪጌታ ግን አርባ ዓመት ዜማ ያስተማረ ጆሮ አላቸው።

"አንቺ አዙሪ፤ እኔ እሰማለሁ" አሏት።

መናገር ስለሚያደክማቸው የሣጥኑ ድምፅ በጎረበጠ ቁጥር ጣታቸውን ብድግ ያደርጋሉ። ዱሮም ተማሪ ዜማ ሲሰብር እንዲሁ ነበሩ። ንጋት በካቻቢቴ ጊዜውን የምታስተካክለውን ትንሿን ብሎን ታዞራለች፤ ጣት ይነሳል። ደግሞ ታዞራለች፤ ይነሳል። ማሽኑ ቶሎ ቶሎ መጥፋቱን ቀነሰ። እሳቸው ግን መች በዋዛ ይለቃሉ!

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ አዞረች። ጣታቸው አልተነሳም። ተመስገን፣ ጠራ፣ አለች በልቧ። ዞር ስትል አርፈዋል።

አላለቀሰችም። ሰው አማት፤ ይማት። ሲያቀርቡላት ትበላለች፣ ተኚ ሲሏት ትተኛለች፣ በድን ሆነች። ለቅሶ ለደረሰው ሁሉ አንድ ነገር ትደግማለች፦ "ድምፁ ጠርቶላቸው፣ ደስ ብሏቸው ነው ያረፉት።" ይቺው ነበረች መጽናኛዋ።

ሣጥኑን ምንም ሳትነካው፣ ጎረቤቶቿን አስፈቅዳ ከነባትሪዎቹ ለጤና ጣቢያው የክትባት ማቀዝቀዣ ሰጠችው። በአርባቸው ዕለት የአባቷን ተማሪ ዲያቆን መልአኩን እጁን ይዛ እዚያ ወሰደችው።

"ምንም አትበል፤ ዝም ብለህ ስማ" አለችው።

ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ከዚያ ሳያስበው፣ እንደ የኔታው፣ ጣቱን ብድግ አደረገ።

"ይጎረብጣል፣ እትዬ። ትንሽ ነው።"

እንግዲያ ድምፁ አልጠራም ነበር። አባቷ የመጨረሻዋን ዙር አልሰሟትም። ንጋት ካቻቢቴዋን ከኪሷ አውጥታ ሣጥኑ ፊት ተንበረከከች።

"እስኪጠራ ጣትህን እንዳታወርድ" አለችው፤ ብሎኗ ግን ከእንባዋ ብዛት አልታይ አላት።