የእትዬ ቆርኪ አንደኛ ክፍል

ኤዲያ! ዳይሬክተራችን ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ ተነስቶ «በተግባርና በቴክኖሎጂ የተደገፈ ትምህርት» ሲል የበላሁት ምሳ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። አለቃዬ ስለሆነ አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ አልወጣልሽ አለኝ። በተግባር ማስተማር ምን እንደሆነ ያየሁት በአንዲት ሴት ነው፤ እሷን ደግሞ ምን እንዳደረግናት አውቃለሁ።

እትዬ ቆርኪ እንላታለን። ሃያ ሦስት ዓመት አንደኛ ክፍልን ብቻ አስተምራለች። እኔ ከግድግዳው ማዶ ያለችው ሌላዋ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፤ አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ ድምጿን በግድግዳ እየሰማሁ ኖሬያለሁ። ስሙን ያወጡላት ልጆቹ ናቸው፤ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ትለቅማለችና። አዎ፣ የተማረች ሴትዮ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በየሱቁ ደጃፍ ጎንበስ ብላ! ቤቷ ወስዳ በትልቅ ድስት ትቀቅለዋለች። ከዚያ የልጅ ጣት እንዳይቆርጥ ጠርዙን አንድ በአንድ በመዶሻ ትደፈጥጠዋለች። መጀመሪያ ሰሞን የሰው አፍ የነካው ቆሻሻ ብዬ ተጸይፌያት ነበር። የሚያስጸይፈው ነገር ሌላ መሆኑ ገና አልገባኝም ነበር።

እሷ ክፍል ውስጥ «ሰባት ስንት ነው?» ከተባለ ልጁ ቃሉን መልሶ አይጮህም፤ ሰባት ቆርኪ ቆጥሮ መዳፏ ላይ ያስቀምጥላታል። ፊደል የሚጻፈው አሸዋ በተነሰነሰበት ትሪ ላይ በጣት ነው። ከልብስ መስቀያና ከሁለት ጣሳ የሠራችው ሚዛን አላት፤ ልጆቹ ላጲስ ከጠመኔ፣ ድንጋይ ከጫማ ሲመዝኑ ይውላሉ። ከሁሉ በላይ ግን ልቧ ያለው «አስርን መሻገር» በምትለው ነገር ላይ ነው። ስምንት ቆርኪ ላይ አምስት ሲጨመር፣ ልጁ ከአምስቱ ሁለት አንስቶ አስሩን ይሞላል፣ የተረፉትን ሦስቱን ለብቻ ያደርጋል። «አስርን በእጁ የተሻገረ ልጅ ከዚያ ወዲያ ቁጥር አያስፈራውም» ትላለች፤ «በእጁ ያልተሻገረ ግን ዕድሜ ልኩን ሲሸመድድ ይኖራል።»

አምና አርባ ታብሌት መጣልን። እትዬ እሪ ትላለች፣ አሮጌ ነገር ነው የምትወደው ብለን ነበር። ወይ ጉድ! ከሁላችንም ቀድማ የተደሰተች እሷ። አንዷን ታብሌት ለምና ወሰደች። ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ጠቅልላ ብርጭቆ ውስጥ አስቀመጠችና በየጠዋቱ አንድ ልጅ ፎቶ እንዲያነሳት አደረገች። በአስራ ሁለተኛው ቀን ፎቶዎቹን ደርድረው በጣት ወዲያ ወዲህ ሲያደርጓቸው ባቄላዋ ዓይናቸው እያየ አደገች። ጩኸቱ ግድግዳውን ሊያፈርሰው! እኔም የራሴን ልጆች ትቼ እየሮጥኩ ሄጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ጣቴን ሰድጄ ባቄላዋን አሳደግኳት።

ታዲያ ደስታ መቼ ይበረክትና! ዳይሬክተሩ ገብቶ ታብሌቱ ላይ የልጅ እጅ ምልክት አየ። ጣቱን ምላሱ ላይ አርሶ መስታወቱን ወለወለው። በምራቁ! ወልውሎ ሲያበቃ ስለ ንጽህና ሰበከን። ከዚያ አርባዎቹንም ሰብስቦ፣ የቀሩትን ላስቲካቸውን እንኳ ሳይገፍፍ፣ ቢሮው ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈባቸው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ዘንድሮ እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለ፤ ሞዴል ትምህርት ቤት ሊመርጡ። ሰውየው እኔ ፊት እትዬን ፈገግ ብሎ ምን አላት? «የእንግዶቹ ዕለት ካማረልን ጡረታዎ እስኪደርስ አንደኛ ክፍል የእርስዎ ነው። ካላማረልን ደግሞ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው ያስፈልገዋል።»

ጡረታዋ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። የዘንድሮዎቹ ልጆቿ በቆጠራ ገና ሰባት ላይ ነበሩ።

«እህቴ፣ የሚለኝን አደርግለታለሁ» አለችኝ ሲወጣ። «አንድ ቀን ነው፣ ያልፋል። እነዚህን ልጆች አስርን ሳላሻግር የትም አልሄድም።»

አንድ ቀን ብላ ሦስት ሳምንት ሆነባት። መጀመሪያ ሰውየው «እንግዳ ፊት ቆሻሻ አይታይም» ብሎ ቆርኪውን በጆንያ አስጭኖ ቆሻሻ መጣያ አስደፋው። ቀጥሎ ታብሌቶቹን አውጥቶ ልጆቹን ራሱ ያሠለጥናቸው ጀመር። የሚከፍትላቸው ገጽ አንድ ብቻ ነው። ሦስት ብርቱካን አለ፣ አራት ብርቱካን አለ፣ ከሥራቸው አራት ሣጥን፤ መልሱ ያለው ከታች በስተቀኝ ነው። ቁጠሩ ብሏቸው አያውቅም። «ከታች በቀኝ!» ይላል፤ አርባ ጣት ጧ! «ደግመን፣ ከታች በቀኝ!» ጧ! የተሳሳተ ልጅ ሲኖር ታብሌቱ ስለሚጮህ ድምፁን አጠፋው። ሰባት ለምን ሰባት እንደሆነ ልጆቹን የጠየቀ የለም። ሁሉንም በግድግዳው እሰማ ነበር። ወጥቼ ግን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፣ ዝም አይነቅዝም ብዬ።

ቀኑ ደረሰ። እንግዶቹ ሳይገቡ አርባውም ልጆች ከአንድ ሳፋ እጃቸውን እንዲታጠቡ ተደረገ። የመጨረሻዎቹ ልጆች ሲደርሱ ውሃው ዕጣቢ መስሎ ነበር፤ በዚያ ውሃ የነከሩት እጅ ነው ንጹሕ ያስባላቸው! ዳይሬክተሩ የእኔን ክፍል ልጆች ወደ ቤታቸው ሰደደና እኔን፣ የሚጋደም ልጅ ካለ ቀና እንዳደርግለት፣ ከኋላ አቆመኝ። እንግዶቹ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ተደርድረው ስልካቸውን ደገኑ። ሽቶዋ አንድ ሰፈር የሚሞላ አንዲት ወይዘሮ የአንዷን ልጅ ጉንጭ ቆንጠጥ አድርጋ ፎቶ ተነሳች፤ ወዲያው ሶፍት አውጥታ ጣቶቿን ጠረገች። ልጅቷ አየቻት። እኔም አየኋት።

ልጆቹ ከታች በቀኝ ነኩ። ጭብጨባ ሆነ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እትዬ ዛሬም ክፍሏ ውስጥ ነበረች። የእንግዶቹ መሪ ግን ደስ ቢለው ጊዜ «እስቲ የሚቀጥለውን ጥያቄ!» አለ። የዳይሬክተሩ ፊት አመድ ለበሰ። እንቢ አይል ነገር! ልጆቹ ገጹን ገለጡ። ሁለት ብርቱካንና ስድስት ብርቱካን። አርባ ጣት ከታች በቀኝ ላይ አረፈ። ስምንት ያለው ከላይ ነበር፤ ከታች በቀኝ ያለው አምስት ነው። ከኋላ ስለቆምኩ አርባ ቀይ የስህተት ምልክት አንድ ላይ ቦግ ሲል አየሁ። ከፊት ያሉት የሚታያቸው የታብሌቱ ጀርባና የልጆቹ ግንባር ብቻ ነው። አጨበጨቡ። ዳይሬክተሩ ከሁሉም አብልጦ አጨበጨበ። እኔስ? እኔም አጨበጨብኩ። እርም በሉኝ!

እትዬ መሐል ላይ ቆማ ነበር። አንዱን ታብሌት አየች፣ ቀጥሎ ያለውን አየች። ሦስት ሳምንት ጥርሷን ነክሳ የቻለችው ሁሉ ያን ጊዜ አለቀ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ልጆቹ ተሳስተዋል። በእነሱ አይፈረድም፣ እንዲቆጥሩ አልተነገራቸውም።» ወደ ልጆቹ ዞረች። «ታብሌቱን አስቀምጡና ብርቱካኑን በጣታችሁ ቁጠሩልኝ።»

ትንንሽ ጣቶች ተነሱ። አንዷ ስትንሾካሾክ ቆይታ «ስምንት!» ብላ ጮኸች፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። ዘንድሮ ከሰባት ያለፉት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ያጨበጨበ ሰው የለም። መሪው ሰዓቱን አየና «ጥሩ፣ ጥሩ» እያለ ወጣ፣ ባለሽቶዋም ተከተለችው።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ደብዳቤ ደረሳት። እንግዳ ፊት በሐሰት የትምህርት ቤቱን ስም አጥፍተዋል ይላል። ዓይን ያወጣ ውሸት! እሷ ግን አልተርበደበደችም። «ከኋላ የቆመችው ባልደረባዬ አይታለች፤ እሷን ጠይቁልኝ» አለች። ቃሌ ክፍሏን ሊያስቀርላት ወይም ሊያስነጥቃት ነው ማለት ነው።

ዳይሬክተሩ ጠራኝ። ወንበር ሳበልኝ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበልኝ፣ «ያዩትን ብቻ ይጻፉ» አለኝ ማር በተቀባ አንደበት። አላስፈራራኝም። የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው፤ ቢያስፈራራኝ ዛሬ እሱን ሰበብ አደርግ ነበር። ዕቃ ግምጃ ቤቱን አሰብኩት፤ አቧራውን፣ መስኮት የሌለውን ግድግዳ። እሷ ከተረፈች ቀጥሎ የሚፈለገው ሰው ማን እንደሆነ አሰብኩ። ከዚያ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ እጅ ጽሑፍ ነውና በሚያምር ፊደል አንድ መስመር ጻፍኩ፤ «ከቆምኩበት ቦታ በደንብ አልታየኝም።» ፈረምኩ። እስክሪብቶውን መልሼ ስሰጠው እጁ እጄን ነካው። ቤቴ ገብቼ ሁለት ጊዜ ታጠብኩ፤ የቀፈፈኝ የሱ እጅ ይሁን የራሴ እስካሁን አለየልኝም።

እትዬ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባች። ክፍሏን እንዳትረግጥም ተከለከለች። ልጆቿ እኔ ጋ ተደመሩና ሰማንያ ሞላሁ። በአንድ ወንበር አራት ሆነው ይቀመጣሉ፤ እኔ እጮሃለሁ፣ እነሱ ይደግማሉ። ሞዴል ግን ተባልን፤ በር ላይ ተጽፎልናል።

ከዚያ ወዲህ እሷን እየሸሸሁ ነበር የምኖረው። ትናንት ሳሙና ልወስድ ግድ ሆነብኝና ሄድኩ። ከመደርደሪያዎቹ መሐል ብቅ አለች፤ ከስታለች። ትሰድበኝ ይሆን፣ ትተፋብኝ ይሆን ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ብትተፋብኝ ደስታዬ ነበር።

«እህቴ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጆቼ እንዴት ሆኑ? አስርን ተሻገሩ?»

ገና ሰባት ላይ ናቸው። እንዲያውም ሰባትንም ረስተውታል።

«ተሻግረዋል፣ እትዬ» አልኳት። «ሁሉም።»

ፊቷ በራ። ሳሙናውን ትታ ሁለት እጄን አፈፍ አደረገችና ሳመችው።

«እጅሽ ይባረክ» አለችኝ።

እኔም አሜን አልኩ።