ያልተሰነዘረ ቡጢ

የታሰርንበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የገብስ ብናኝ ሽታ ነው፤ ቀጥሎ የሰው ላብ። ንፋስ መውጫ ከተማ ባጃጅ እየነዳሁ ነበር የያዙኝ። «እገሌን ጭነሃል» አሉኝ። ባጃጅ ነጂ የማይጭነው ማን አለ? ሰውየውን ጭኜው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ብርዱ ከሥር አጥንት ይገባል። ትከሻው የሰፋ፣ አፍንጫው ወደ አንድ ወገን የተጣመመ ሰው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። የተኛበትን ካርቶን ለሁለት ቀደደና ግማሹን ሰጠኝ። የስማዳ ተወላጅ ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ለአንድ ክለብ ቡጢ ይጋጠም ነበር፤ ኋላ ተመልሶ እስቴ ላይ ትዳር ያዘ፣ ወፍጮ ቤት ከፈተ። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለው ነበር። ከጥግ ደግሞ አንድ የቤተ ልሔም የድጓ ዜማ መምህር ነበሩ። ክፍሉ በሙሉ የኔታ ይላቸዋል።

ለምርመራ የሚጠሩት ጠዋት ጠዋት ነው። አንዳንዱ በእግሩ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ተደግፎ። ተራዬ መቅረቡን ሳውቅ ወደ ቡጢኛው ዞርኩ።

«ጋሼ፣ እናንተ ቡጢኞች መመታትን ትለማመዱታላችሁ አይደል?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ዱላ መቻሉን። እኔንም አለማምደኝ።»

«ተነሥ» አለኝ። መዳፉን ግንባሬ ላይ አድርጎ «ግፋ» አለ። አንገቴ እስኪንቀጠቀጥ ገፋሁ።

«አንገት ይጠነክራል» አለኝ። «አንገቱ የጠና ሰው ጭንቅላቱ ቶሎ አይናጥም። ሆድም ይጠነክራል። ሲመቱህ ትንፋሽህን አውጣ። ጥርስህን ግጠም፤ ምላስህ መሃል እንዳይገኝ። አገጭህን ወደ ደረትህ። ዓይንህን ደግሞ አትጨፍን፤ ሰው የሚወድቀው ባላየው ቡጢ ነው።»

«ጭንቅላትስ? እሱን በምን ታጠነክሩታላችሁ?»

መዳፉን ከግንባሬ አነሣ። «እሱን ተወው» አለኝ።

የኔታ ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «እኔ እንኳ በተማሪነቴ ዜማ ባበላሸሁ ቁጥር በአለንጋ ስገረፍ ነው ያደግሁት» አሉ። «ጀርባዬ ግን አንድም ቀን አለመደው፣ ልጄ።» ከገባሁ ወዲህ ክፍሉ ሲስቅ መጀመሪያ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ሳቁን የጠባቂዎቹ አለቃም ሰማ። በበሩ ቀዳዳ ሲያየን ቆየ። ከሰዓት በኋላ እኔንና ቡጢኛውን ወደ ግቢው አወጣን። የቀሩት ጠባቂዎች ግድግዳውን ተደግፈው እየሳቁ ይጠብቃሉ።

«ቡጢኛ ነህ አሉ» አለው። «እስቲ ከዚህ ጋር ግጠምና እንይ። ሚስትህ ከእስቴ መጥታ በር ላይ ቆማለች። ደህና አድርገህ ካጫወትከን ገብታ ታይሃለች።»

ቡጢኛው ከታሰረ ጀምሮ አላያትም ነበር። ፊቱ ወደ ግቢው የቆርቆሮ በር ዞረ፤ ከቆርቆሮው በስተቀር የሚታይ ነገር የለም። ጠጋ አልኩና በሹክሹክታ፣ «ጋሼ፣ ግድ የለም፣ ምታኝ። እያት» አልኩት። ከልቤ ነበር።

እሱ ግን እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ።

«ጓንት የለም፤ ዳኛ የለም» አለ፤ ድምፁን አላነሣም። «ይህም ልጅ ተጋጣሚዬ አይደለም። ይሄ ቡጢ አይደለም፣ ጌታዬ።»

አለቃው መታው። ዓይኑን አልጨፈነም። የአለቃው ክንድ ሲነሣ ማየቱን እኔም አይቻለሁ፤ አንገቱን ትንሽ ቢያዘነብል ይስተው ነበር። አላዘነበለም። ደገመው። እጆቹ ከኋላው አልተላቀቁም። ግድግዳውን የተደገፉት መሳቅ አቆሙ፤ አንደኛው «ይበቃል፣ አለቃ» አለ። መለሱን። ሚስቱ ያመጣችው ስንቅ በጠባቂ በኩል ወደ ክፍሉ ገባ፤ እሷ ከበር ተመለሰች።

ቡጢኛው አገልግሉን ከፍቶ መጀመሪያ ለየኔታ አቀረበ። ከንፈሩ አብጦ ነበርና እሱ ብዙም አልበላም።

«ከቡጢው ለምን አልሸሸህም?» አልኩት።

«ብሸሽ ጨዋታ ይሆንላቸው ነበር።»

ቆየት ብሎ፣ «ስለ ጭንቅላት ጠይቀኸኝ ነበር» አለኝ። «አይጠነክርም። አሰልጣኜ ዱላ ቻይ እያለ ይኮራብኝ ነበር። ሌላው ሲወድቅ እኔ እቆማለሁ፤ ስለምቆምም ይብስ ይመቱኛል። አንድ ቀን ከልምምድ ወጥቼ የተከራየሁት ቤት ጠፋኝ። ሰፈሩ ውስጥ ስዞር መሸ። የዚያን ለት ተውኩት። አሁን እኔ የረሳሁትን የምታስታውስልኝ ሚስቴ ናት። ታዲያ ያንተን ጭንቅላት ልምታ?»

በማግስቱ ጠዋት ተጠራሁ። ጥርሴን ገጠምኩ፤ ትንፋሼን አወጣሁ። ለሆዴ ጠቅሞኛል። ስለ ሌላው ማውራት አልፈልግም። ስመለስ ጋሼ በሩ ሥር ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ሸሚዙን በውሃ ነክሮ አንገቴ ላይ አደረገልኝ።

ኋላ ሁላችንም በየተራ ተለቀቅን፤ ለምን እንደታሰርንም ለምን እንደተፈታንም የነገረን የለም። ባለፈው ጥር እስቴ ድረስ ሄጄ ቡጢኛውን ጠየቅሁት። ሚስቱ ገና ከደጅ አወቀችኝ። እሱ አቅፎ ሳመኝ፤ ተቀመጥን፤ ስለ እህሉ፣ ስለ ወፍጮው ተጨዋወትን። ከዚያ በጨዋ ደንብ፣ «ይቅርታ አድርግልኝና ወንድሜ፣ የት ነበር የምንተዋወቀው?» አለኝ።

ሚስቱን አየኋት። አንገቷን ደፋች።

«ቡጢ አስተምረኸኝ ነበር» አልኩት።

«ጎበዝ ነበርክ?»

«አልነበርኩም፣ ጋሼ።»

ከልቡ ሳቀ። እኔም ሌላውን አላነሣሁበትም። ያን ቀን ግቢው ውስጥ ያደረገውን እሱ አያውቀውም። ሚስቱም ያን ጊዜ ከቆርቆሮው ወዲያ ነበረች። እኔ ግን አይቻለሁ። ለዚህ ነው የጻፍኩት።