ስልሳ ካሬ በፊደል

ባሌን የሚያውቀው ሁሉ «በፊደል» ይለዋል። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ተክሎ ለሰው ውል ሲጽፍ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ መጀመሪያ በታይፕ፣ ኋላ በላፕቶፕ። ቁጥር የሚባል ነገር አያምንም። «ቁጥር ላይ ዝንብ ብታርፍ ዜሮ ትጨምርበታለች፤ ፊደልን ግን ማን ይነካዋል?» ይላል። የገበያ ዝርዝር እንኳ ሲጽፍልኝ «ሽንኩርት 2 (ሁለት) ኪሎ» ነው። ሽንኩርት ሻጯን ልከሳት ነው እንዴ?

ሕልሙ አንድ ነበር፤ ከጃንጥላው ሥር ወጥቶ፣ በር ባለው ክፍል ውስጥ መሥራት። እሱ ከውሉ እኔ ከስፌቴ ቆጥበን፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ካንዲት አሮጊት ሁለት መቶ ካሬ ግቢ ገዛን። መንገዱ ዳር ሁለት ክፍሎች ነበሩበት። አንዱ ለሱ፣ አንዱ ለኔ የስፌት መኪና።

ውሉን ማን ይጻፈው? ራሱ ነዋ! የሌላ ሰው እጅ አላምንም አለ።

ጸሐፊዎች ውል ከባዶ አይጀምሩም። የትናንቱን ፋይል ይከፍቱና ስሙን፣ ቁጥሩን እየቀየሩ ያትማሉ። ባሌም ከኛ በፊት ላንድ ጡረተኛ የጻፈውን ከፈተ። ስሙን ቀየረ። 140 የነበረውን 200 አደረገ። ቅንፉ ውስጥ ያለውን ግን ሳይነካው አተመ። አሮጊቷ ፈረሙ፣ ምስክሮቹ ፈረሙ፣ እኔም ፈረምኩ። ሁላችንም ያየነው ቁጥሩን ነው።

ለማስመዝገብ ወረፋ ስንጠብቅ አሮጊቷ አረፉ። ተራችን ሲደርስ፣ መሬት ቢሮ መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ወረቀቱን አነበበ፤ ደግሞ አነበበ።

«ጋሼ፣ በአሃዝ ሁለት መቶ ይላል። በፊደል ግን አንድ መቶ አርባ ነው።»

ባሌ ወረቀቱን ተቀበለ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሲለያዩ የቱ እንደሚጸና ለርስዎ አልነግርዎትም» አለ ሰውዬው።

ወደ ሟቿ ልጅ ሄድን። ትልቅ ሰው ነው፣ ሚዜ ሊሆን የሚሄድ ይመስል ሱፍ ለብሷል። «ጋሼ፣ ድሮ የኪራይ ውል ሲጽፉልኝ ‹ቁጥሩን ተወው፣ ፊደሉን እይ› አላሉኝም? ይኸው አየሁት» አለ።

ደሜ ፈላ። «እናትህ የሸጡልንን ታውቃለህ! የሁለት መቶ ካሬ ዋጋ ነው የቆጠርንላቸው!»

«እትዬ፣ እኔ የማውቀው ወረቀቱን ነው።»

ከሰስን። ዛሬ ዳኛዋ የሉም፣ ነገ ሲስተም የለም፣ ከነገ ወዲያ ፋይሉ ጠፋ። ሁለት ዓመት ተመላለስን። በመጨረሻ ዳኛዋ ፊደሉን አነበቡና ፋይሉን ከደኑት። መቶ አርባው ከጓሮው አጥር ተነስቶ ሲለካ፣ ስልሳው ካሬ ከነሁለቱ ክፍሎች ልጁ ካቆመው ግንብ ወዲያ ቀረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የኔው ሰውዬ አፍስሶ ቀረ። እርር ድብን እላለሁ። በሱም፣ ሳላነብ በፈረምኩት በራሴም።

ባለፈው ሰኞ ከሥራ ገብቶ እንደቆመ ቀረ።

«ሰውዬው መጣ» አለ።

«የቱ ሰውዬ?»

«የአሮጊቷ ልጅ። ሁለቱን ክፍሎች ለፎቶ ኮፒ ቤት ሊያከራያቸው ነው። ውል ጻፍልኝ አለኝ።»

መቀሱ ከእጄ ወደቀ። «አባረርከው አይደል?»

«ውል ጻፍልኝ ያለ ሰው እንዴት ይባረራል?»

«ጻፍክለት?!»

«ከባዶ ጀምሬ ነው የጻፍኩት። በአሃዝም በፊደልም። ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አንዲት ቃል አልሳትኩም።»

«ለኛ ነበር እንጂ እንዲህ!» አልኩት። «ለኛ ነበር!»

ብብቱ ሥር የያዘውን ጃንጥላ ዘረጋና ጠርዙ ላይ የተተረተረውን አሳየኝ።

«ይቺን በክር ያዢልኝ፤ ክረምቱ እየመጣ ነው።»

ተቀብዬ መኪናው ላይ አደረግኩት። እያለቀስኩ ሰፋሁለት።